«አዎ»ን የተጫንኩበት ሰሞን

ሰኞ፣ 3

ጋሼ ታመሙ። ትናንት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ከሁላችን ቀድማ ሄዳ የጠየቀቻቸው የብሬል አራሚያችን ናት። «ይሰማሉ፣ ሁሉም ይገባቸዋል፤ መመለስ ብቻ ነው ያቃታቸው» አለች።

ይህ ደብተር አንድ ቀን ሰው እጅ ቢገባ (እማዬ፣ አንቺን ነው፤ ትራሴ ሥር እንደምታገኚው አውቃለሁ) ግራ እንዳይጋባ ልጻፈው። የምሠራው የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጋሼ የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ አያዩም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት በድምፅ አስቀድተው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። ተማሪዎቹ በስልካቸው ያዳምጣሉ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ማለትም ማተሚያው ወረቀት ሲይዝ የምታወስ፣ ሲለቅ የምረሳ ሰው።

አለቃችን ስብሰባ ጠርቶ «ሁላችንም በጣም አዝነናል» አለ። ቀጥሎ «ኮምፒውተራቸው ላይ ማን ይቀመጥ?» አለ። በሁለቱ መካከል የተነፈሰ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ 4

በችኮላ። ከመዝገብ ቤት ተተኪ መጣች። የጋሼ ኮምፒውተር መግቢያ ቃል ይጠይቃል፤ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። በእኔ ሥልጣን ገብቼ አዲስ ቃል ሰጠሁት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ረጅም ነበር። «አዎ» አልኩት። አራት ደቂቃ።

አለቃ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አለኝ።

ጠረጴዛቸውንም አጸዳሁላቸው። ከኪቦርዳቸው ሥር በፕላስተር የተለጠፈ የብሬል ብጣሽ ካርቶን ነበር። ያው እዚህ ቤት በየጥጉ የሚወድቀው ዓይነት ነው፤ እኛ የምናይ ሰዎች በር እንዳይዘጋ እንወሽቀዋለን፣ የጠረጴዛ እግር እናስተካክልበታለን። ይኼኛው ጥሩ ውፍረት አለው። የሻይ ብርጭቆዬ ማስቀመጫ አደረግኩት።

ሐሙስ፣ 6

ተተኪዋ ጠራችኝ። ብራውዘሩን ስትከፍት ገጹ ይመጣል፣ የጋሼም መለያ ስም ይመጣል፣ የይለፍ ቃሉ ቦታ ግን ባዶ ነው። ኢሜይላቸውም ባዶ። የመጻሕፍቱም ገጽ ባዶ።

«ሁሌ ራሱ ይሞላዋል ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች።

«ይሞላል» አልኩ።

«አልሞላም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያ ረጅም ማስጠንቀቂያ ምን ይል እንደነበር ትዝ አለኝ። አላነበብኩትም ብዬ ነበር። ለካ ዓይኔ አንብቦታል።

ዓርብ፣ 7

ለአለቃ ማስረዳት ነበረብኝ። በጥሞና አስረዳሁት፣ አስተማሪ ብሆን ይሻለኝ ነበር።

ብራውዘሩ የይለፍ ቃላትን አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። እንዳሉ አይደለም፤ አመስጥሮ ነው። ቁልፉ የሌለው ሰው ፋይሉን ቢከፍተው የሚያየው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። ቁልፉስ የት አለ? እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ። ሌባ ሁለቱንም ቢወስድስ? ቁልፉም ራሱ ተቆልፏል። እሱን የሚከፍተው ባለቤቱ በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ሲያስነሳ የሚጽፋት ቃል ናት። ባለቤቱ ራሱ ቃሏን ሲቀይር አስቀድሞ አሮጌዋን ስለሚጽፍ፣ ማሽኑ ቁልፉን አውጥቶ በአዲሷ መልሶ ይቆልፈዋል። ማንም ምንም አይጎድልበትም። ሌላ ሰው በሥልጣን ገብቶ በግድ ከቀየራት ግን ማሽኑ አሮጌዋን አላገኛትም፤ ቁልፉ በአሮጌዋ እንደተቆለፈ ይቀራል። አሮጌዋ ቃል ከተገኘች በማግስቱ ሁሉም ይከፈታል። ካልተገኘች ብራውዘሩ ባዶ ሳጥን እያሳየ ይኖራል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከ«ሌላ ሰው በሥልጣን ገብቶ» ጀምሮ ያለውን ብቻ አልነገርኩትም። ስልክ መጣበት።

ስልኩን ዘግቶ፣ «ታዲያ ጠፋ ማለት ነው?» አለ።

«አልጠፋም፤ ተቆልፏል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የጠፋ ነገር አይታይም። ይኼ ይታያል።»

አለቃ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ዋናውን ነገር ተተኪዋ ነገረችን። ተማሪዎቹ መጻሕፍቱን የሚያዳምጡበት ፈቃድ በየመንፈቁ ይታደሳል፣ የሚያድሱት ጋሼ ናቸው። የአሁኑ በወሩ 30 ያበቃል። ፈተናው በሚቀጥለው ወር 22 ነው። ፈቃዱ ካልታደሰ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም መጻሕፍት ባንዴ ዝም ይላሉ።

ቅዳሜ፣ 8

ቤት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያወጣሁትን መመሪያ ፈልጌ አገኘሁት። ፊርማዬ ያምራል፤ ያን ጊዜ ጊዜ ነበረኝ።

የይለፍ ቃል በወረቀት ላይ እንዳይጻፍ። ለባልደረባም ቢሆን እንዳይነገር። ብራውዘሩ የያዛቸውን ቃላት ወደ ኢንተርኔት ልኮ ሌላ ማሽን ላይ እንዳይደግም፤ ምስጢራችን በሰው ቤት አያድርም። ይህን ሦስተኛውን ስጽፍ በጣም የረቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በሰው ቤት ያደረ አንድ ቅጂ ቢኖር እግሩን እስም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ መመሪያውን አንብቦ ፈርሟል። አለቃ ቃሉን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት ለጥፎታል። መዝገብ ቤት ውስጥ አራት ሰው በአንድ ቃል ይገባል። ያከበሩት ጋሼ ብቻ ናቸው። ሲነበብላቸው ቢሮዬ ድረስ መጥተው አንድ ነገር የጠየቁኝም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ምን እንደጠየቁኝ አላስታውስም። ቸኩዬ ነበር፤ ስቄ «ይቻላል ጋሼ» ያልኳቸው ይመስለኛል።

እማዬ ፓስወርዶቿን ሁሉ አሮጌ ደብተር ላይ ጽፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። በዚህ ሥራዋ ስንት ዓመት አሹፌባታለሁ። ዛሬ ልብስ እያጠፈች፣ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስል፣ «ቁልፍ ማለት ልጄ፣ ሌላ የሚያገኘው ሰው ሲኖር ነው። አለዚያ ብረት ነው» አለችኝ።

ደብተሩን ከትራስ ሥር ማንሳት አለብኝ።

ሰኞ፣ 10

መጻሕፍቱ ያሉበት ድርጅት ጻፈልን። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው፣ የሰው እጅ የነካው አይመስልም። የይለፍ ቃሉን ከረሱ ወደ ኢሜይልዎ አዲስ እንልካለን ይላል። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ያለው ያው የተቆለፈው ፋይል ውስጥ ነው። ኢሜይልዎን መክፈት ካልቻሉ መጨረሻው 07 ወደሆነው ስልክ ኮድ እንልካለን ይላል። 07 የጽሕፈት ቤቱ የድሮ መስመር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ማንም አይደውልበትም» ተብሎ ተቆርጧል። እንዲቆረጥ ሐሳብ ያቀረበው ባለሙያ ማን እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ረቡዕ፣ 12

አራሚዋ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። የብሬል እርማት የምትሠራ ናት፣ እሷም አታይም፤ ገጹን በጣቷ እያነበበች ስህተት ትለቅማለች። ሰውንም እንደዚያው።

«ጋሼን ጠየቅሻቸው?»

«የታመሙ ሰው እኮ ናቸው።»

«ግራ እጃቸው ደህና ነው። ትናንት ስሄድ የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀያይሩ ነበር።»

«ሐኪም እንዳይረበሹ ብሏል።»

«የትኛው ሐኪም?»

ማተሚያው ወረቀት ይዟል ብዬ ወጣሁ። እውነትም ይዞ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው።

ዓርብ፣ 14

አለቃ «ለመሆኑ ሽማግሌው ምን ብለው ነው ለማንም ሳይነግሩ የቀሩት?» አለ፣ በሰው ፊት። ተተኪዋ አየችኝ። የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንዳይናገሩ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ።

አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? እነሆ ሀብታም ሆኛለሁ።

ሰኞ፣ 17

ደብዳቤው ተጻፈ። ለጋሼ። «በሥራ ቸልተኝነት የተቋሙን ንብረት ለአደጋ በማጋለጥዎ» ይላል። ግልባጭ ለግል ማኅደራቸው፣ ግልባጭ ለቦርዱ። የተፈለገው ማብራሪያ ነው እንጂ ሌላ አይደለም አለ አለቃ፤ ቦርዱ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት፣ ጋሼ ደግሞ አይመልሱም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው። ልዩነቱ እከኩ የእኔ መሆኑ ብቻ ነው።

ሊያትሙት ሲሉ ማተሚያው ወረቀቱን ያዘው። ከእኔ የተሻለ ሕሊና አለው። ጠሩኝ፤ ክዳኑን ከፍቼ የተጨማደደውን ወረቀት ስቤ አወጣሁ፣ እንደገና አስነሳሁት። በሁለተኛው ጊዜ ጥርት ብሎ ታተመ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ የሰማሁት ከጋሼ ነው።

ሐሙስ፣ 20

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ደወሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

«ደብዳቤው ደርሶናል ልጄ። እግዜር ይስጥልን በይልኝ አለቃሽን። በጣም ነው ደስ ያላቸው።»

ሴትዮዋ ሰው መሸንቆጥ ያውቁበታል ማለት ነው። «አደርሳለሁ» ብዬ ዘጋሁ። እስከ ማታ ድረስ ጆሮዬ ሲግል ዋለ።

ሰኞ፣ 24

ፋይሎቹን ገልብጬ ወደ እኔ ማሽን ወሰድኩ። አይከፈትም። ድሮም እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ዲስኩን የሰረቀ ሰው እንዳይከፍተው። የሠሩት ሰዎች በጣም ጎበዞች ናቸው። እያንዳንዳቸውን ፈልጌ ብሰድባቸው ደስ ይለኛል።

የግምት ፕሮግራምም አስነሳሁ። በደቂቃ ብዙ ሺህ ቃል ይሞክራል። ጋሼ የመረጡት ቃል ረጅም ከሆነ (ረጅም ነው፤ ቢያንስ አሥራ ሁለት ፊደል ይሁን የሚል መመሪያ ላይ ፈርመዋል) እኔም አለቃም ማሽኑም አፈር ከሆንን በኋላ ይጨርሳል።

እሑድ፣ 30

ዛሬ ያበቃል። ስልኬን አጥፍቼ ቤት ዋልኩ። እማዬ ሾርባ አምጥታ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ምንም ሳትል ወጣች። እማዬ ምንም ሳትል ስትወጣ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

ሰኞ፣ 1፣ አዲስ ወር

መጻሕፍቱ ዝም አሉ። እስከ ምሳ ድረስ አርባ ሦስት ስልክ። አንዷ ተማሪ ተተኪዋን «ምዕራፍ ዘጠኝ መሐል ላይ ነው የቆመብኝ፣ ሰውዬው ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሰም» አለቻት። ፈተናው ሃያ አንድ ቀን ቀርቶታል። የሚያይ ልጅ መጽሐፉ ቢጠፋበት ከጓደኛው ይዋሳል። እነዚህ ከማን ይዋሱ?

አለቃ ለሚደውለው ሁሉ የሚነበብ አንድ አንቀጽ አዘጋጅቷል። «በቀድሞው ኃላፊ ጥፋት ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። ተተኪዋ አርባ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

ረቡዕ፣ 3

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ ነገ ሌላ ዓይነት አድርጌ አስታውሰዋለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ አራሚዋ መጣች። እንደ ሰው ላስተናግዳት ብዬ ሻይ አመጣሁላት። የእኔን ብርጭቆ አንስቼ የእሷን ማስቀመጫው ላይ አኖርኩላት። ብርጭቆውን ፍለጋ እጇን ጠረጴዛው ላይ ስትሰድ ጣቷ የካርቶኑን ጠርዝ ነካና ቆመ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ብጣሽ ነው።»

«ምንድን ነው አልኩሽ? ከየት አመጣሽው ነው ያልኩት።»

«ከጋሼ ጠረጴዛ። ከኪቦርዱ ሥር።»

ብርጭቆውን አንስታ አጠገቧ አኖረች። ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አነበበች። ሰው ሲያነብ ፊቱ ሲለወጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ የእሷን ግን ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል።

«ጮክ ብዬ ላንብበው?» አለች።

«አንብቢው።»

«“ለኮምፒውተሯ ልጄ። እኔ ከሌለሁ አንቺ ክፈቺው። በእኔ ፊደል ጻፉት ብለሽ ስለፈቀድሽልኝ ጻፍኩት።” ከሥሩ ቃሉ አለ። አሥራ አራት ፊደል ነው። አሥራ አንዱ ይነበባል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ብርጭቆሽ ጠጥቷቸዋል።»

ያን ጊዜ ሁሉም መጣልኝ። ያ በመመሪያው ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው የጠየቁኝ ይህን ነበር። «በወረቀት አይጻፍ ነው የሚለው፤ በእኔ ፊደል ብጽፈውስ ልጄ? ጠፍቶ ሰው ቢያገኘው እንኳ አያነበውም።» እኔም ሳቅ ብዬ «ጋሼ፣ እሱማ ራሱ ምስጠራ ነው! ይቻላል» አልኳቸው። የተመሰጠረው ከሌባ ነበር። ያልከፈተችው ቁልፉ የሚገባት ሰው ናት፤ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስትሠራ ስድስት ነጥብ ለመማር ጊዜ ያጣች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ እንኳን እንደ መዳብ፣ እንደ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው የቆጠርኩት። ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በቀን ሦስት ሻይ፣ ትኩሱን።

ከዚያ ያልኩትን ነገር ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው። «ሦስት ፊደል ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ ይገምተዋል። ለነገ ጠዋት ይደርሳል። ጋሼን ማስቸገር አያስፈልግም» ነው ያልኩት።

አራሚዋ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከብርጭቆው ራቅ አድርጋ፣ አስቀመጠች።

«ፕሮግራምሽ ደብዳቤውንም ይመልሰዋል?» አለች።

መግቢያውን ማን እንደቀየረው ታውቅ ነበር። ተተኪዋም ታውቅ ነበር። ማስጠንቀቂያው ብቅ ሲል አጠገቤ ቆማ ነበር እኮ። ሁለቱም ራሴ እስክናገር ይጠብቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ።

ፕሮግራሙን አላስነሳሁትም።

ሐሙስ፣ 4

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ላፕቶፕ ይዤ፣ ካርቶኑንም ይዤ። ሦስት ጊዜ የበሩን ደወል ሳልነካ ተመለስኩ፤ በአራተኛው እትዬ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ያዙኝ።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ትራስ ላይ ነው። ግራቸው ሬዲዮው ላይ። ሰላም ስላቸው ድምፄን አውቀው ፈገግ አሉ፣ በግማሽ ፊታቸው። በሙሉ ፊታቸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በቃ ተናገርኩ። መግቢያውን በግድ የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማስጠንቀቂያውን አይቼ አልፌዋለሁ። ካርቶኑን አግኝቼ ሻይ አስቀመጥኩበት። ተማሪዎቹ አራት ቀን ያለ መጽሐፍ ናቸው። አንድ ወር ሙሉ መጥቼ ልነግርዎት ስችል አልመጣሁም፤ ስላፈርኩ ነው፣ ሐኪም ከልክሎኝ አይደለም። ከዚያ መናገር ከጀመርኩ አይቀር ብዬ፣ «ደብዳቤውም የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። እንዲያነሱልዎት አደርጋለሁ» አልኩ።

እትዬ የያዙት ሰሃን ድምፁ ቆመ።

ጋሼ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ግራ እጃቸውን ወደ ሹራባቸው ኪስ ሰደዱ። ደብዳቤው እዚያ ነበር፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ከመነካት ብዛት ለስልሶ።

«ምን ላድርግ ታዲያ!» አሉ እትዬ፣ ለእኔ ይሁን ለእሳቸው ሳይታወቅ። «ለሠላሳ ዓመት አገልግሎትዎ እናመሰግናለን ይላል ብዬ አነበብኩላቸው። በምልክት ድገሚልኝ እያሉኝ ስንት ጊዜ ደጋገምኩላቸው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩበት ነበር።»

እትዬ በስልክ «በጣም ነው ደስ ያላቸው» ያሉኝ ትዝ አለኝ። እሳቸው ሊያሾፉብኝ አልነበረም። ባላቸው አልጋው ላይ ሆነው እየሰሙ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ሊከፈት የሚገባውን እቆልፋለሁ፣ ተቆልፎ ቢቀር ይሻል የነበረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እከፍታለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ጋሼ ደብዳቤውን ዘረጉልኝ። አንብቢው ማለታቸው ነው። እትዬን አየሁ፤ እትዬ መስኮቱን እያዩ ነበር። አነበብኩት። «በሥራ ቸልተኝነት» የሚለውንም፣ «ግልባጭ ለቦርዱ» የሚለውንም፣ ምንም ሳልዘል። በራሴ ማተሚያ ያሳተምኩትን ወረቀት በራሴ አፍ ሳነብ ድምፄ አለቃን መሰለ።

ስጨርስ የጋሼ ግራ እጅ ተነስታ ወደ እትዬ ሄደች፣ ክንዳቸውን አገኘች፣ ሁለቴ መታ መታ አደረገች። እትዬ ፊታቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ።

ከዚያ ላፕቶፑን ፈለጉ። ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጣታቸው ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ፣ ቦታውን ያዘ። አራሚዋ ያነበበችልኝን አሥራ አንድ ፊደል እኔ ጽፌ ነበር። ሦስቱን እሳቸው ጻፉ፣ የመጨረሻዋን፣ በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ያለችውን፣ ግራ እጃቸውን አሻግረው። ቃሉ ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። መመሪያው አሁንም ይሠራል።

ላፕቶፑን ልወስድ ስል እጃቸውን አላነሱም። አዲስ ገጽ ከፍቼ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። በአንድ እጅ፣ ፊደል በፊደል፣ እየሰረዙ እየመለሱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጻፉ። እትዬ ሻይ አቀረቡ፤ አልነካሁትም፤ ባነሳው እንኳ ምን ላይ እንደማስቀምጠው አላወቅኩም። ይቅር ብዬሻለሁ ሊሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ወይም አልልሽም። ለሁለቱም ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር።

ስክሪኑን አዞሩልኝ።

«አሁን ታዲያ ሻይሽን ምን ላይ ታስቀምጪያለሽ?» ይላል።

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ። እትዬ ሻርፓቸውን አቀበሉኝ።

ዓርብ፣ 5

በአሮጌዋ ቃል መልሼ አስገባሁት። ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ ቁልፉን አወጣ። ብራውዘሩን ስከፍት ባዶው ቦታ በትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ሞላ። ጠዋት 3፡20 ላይ ፈቃዱ ታደሰ። 3፡40 ላይ ያች ተማሪ ደወለች፤ ሰውዬው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሷል።

ተተኪዋ «ነጥብ ብቻ ነው እኮ የሚታየው» አለች።

«ለሚያውቀው ቃል ነው» አልኳት። አራሚዋ ከወዲያ ሆና ሳል አለች።

ሰኞ፣ 8

አለቃ በስብሰባ ፊት አመሰገነኝ። «በትጋቷና በዕውቀቷ» አለ። ቆሜ የሆነውን ተናገርኩ፣ ከ«ሌላ ሰው በሥልጣን ገብቶ» ጀምሬ።

ከስብሰባው በኋላ ቢሮው ጠራኝ።

«ነገሩ አልቆ የለም እንዴ? ለምን ትቆሰቁሺዋለሽ? ሰውዬው እንደሆነ ተመልሰው አይመጡ።»

«ደብዳቤው ግን ማኅደራቸው ውስጥ አለ።»

«ማኅደር ማን ያነባል?»

«ቦርዱ አንብቦታል። እሳቸውም አንብበውታል።»

«እንዴት ነው የሚያነቡት?» አለ፣ ቀልድ መስሎት።

በጽሑፍ አስገባሁ፣ ለእሱም ለቦርዱም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የጋሼ ደብዳቤ እንዲሻር፣ መሻሩም ለጋሼ በብሬል ተጽፎ እንዲሰጣቸው። አለቃ ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይኼ እኮ በአንቺ ላይ ነው የሚዞረው» አለ። አዎ አልኩት። ይህኛውን አንብቤ ነው አዎ ያልኩት።

ረቡዕ፣ 10

የጋሼ ደብዳቤ ተሽሯል፤ የመሻሪያውን ደብዳቤ ራሴ በብሬል ልጻፈው አልኩ። አራሚዋ አንድ ገጽ ላይ ሃያ ሁለት ስህተት አወጣችልኝ። «ጋሼን “የተከበሩ” ልትያቸው ፈልገሽ “የተከደኑ” ብለሻቸዋል» አለች። እንደገና ጻፍኩት። አሥራ አንድ። ነገ እንደገና።

እማዬን ደብተሯን አውጥታ እንድታሳየኝ ለመንኳት። የእኔንም ፓስወርዶች ከሥሩ ጻፍኩላት። ገጹን ስታጥፍ እየዘፈነች ነበር።

ሐሙስ፣ 11

የእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ግልባጭ አለው። «በሥራ ቸልተኝነት» ይላል። አለቃ የጋሼን ደብዳቤ ከፍቶ ስም ብቻ ነው የቀየረው፤ ቀኑን እንኳ ረስቶታል። ማተሚያው በአንድ ጊዜ ለቀቀው፣ ምንም አልያዘውም።

ወረቀቱ ስስ ነው። አራት ቦታ አጠፍኩት። አሁን ጥሩ ውፍረት አለው።

ሻዬን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ነገ ስሄድ ለጋሼ ይህን እነግራቸዋለሁ።